የሻለቃ እንቁላልና የዝናሽ ስድስት ገጽ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፣ ጉዳይ ያለው ከአሁኑ ይሂድ፤ እኔ ስጀምር ከመሀል የሚነሣ ሰው አልወድም። ተቀመጣችሁ? እንግዲያው ጆሮ ብቻ አይበቃም፣ አፍም ያስፈልጋል። እኔ እየቀጠልኩ ስሄድ እናንተ ከኋላ እየደገማችሁ ትከተሉኛላችሁ። የሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ምንም አላዝንለትም።

ዝናሽ የምትባል አንዲት የዶሮ ባለሙያ ነበረች። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የትምህርት ፈቃድ ሰጥቷት ከከተማው ዳር ባለው ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትማር ሁለት ዓመት ሆኗታል። የምታጠናውን ልንገራችሁ? ዶሮ የገዛ እንቁላሏን ለምን እንደምትበላ! ሳቁ፣ ሳቁ፤ በእሷ ወረዳ ያሉ እናቶች ግን «ልጄ፣ ያቺ ዶሮዬ እኮ ጣለችና መልሳ ዋጠችው» እያሉ እጃቸውን ሲያማቱ ብታዩ አትስቁም ነበር። ዝናሽ ሠላሳ ሰባት ቤት እየዞረች፣ ከጓሮ ጓሮ ዶሮ ስትከተል ከርማ፣ ያየችውን ሁሉ አንድ ወፍራም ደብተር ላይ ሞልታዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ዲፌንስ አለባት። ዲፌንስ ማለት ያጠኑትን ይዞ ፈታኞች ፊት መቆም ነው፤ ለማያውቀው ልንገር ብዬ ነው። ሰኞ ዕለት ታዲያ ዋናው ፈታኝ ፕሮፌሰር አምሳሉ አስጠሯት። ሰውዬው ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ያን ዕለት ጨርሶ ሊሰማ ምንም አልቀረው።

«የኔ ልጅ» አሏት፣ «ስለ እንቁላል በሊታ ዶሮ የተጻፈች አንዲት ባለ ስድስት ገጽ ጽሑፍ አለች። እሷን ሳታነቢ ሐሙስ ፊቴ እንዳትቆሚ። ካላነበብሻት ለከርሞ እንገናኝ።»

ለከርሞ! ፈቃዷ እኮ ከጥቅምት ጋር ያልቃል። ለከርሞ ማለት ለእሷ ባዶ እጅ ወደ ወረዳው መመለስ ነው፤ ሁለት ዓመት ዶሮ ተከትላ፣ ያለ ዲግሪ። እንግዲህ የዝናሽ ፍላጎት ይህችው ናት፤ ስድስት ገጽ ብቻ። ሰባተኛ ጨምሩልኝ አላለችም።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝናሽ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ዳታቤዝ የሚሉትን ታውቁታላችሁ? በኢንተርኔት ላይ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ መደርደሪያ የለው፣ አቧራ የለው፣ ዝም በሉ የሚል ሰው የለው። ሕክምና በሉት፣ ሕግ በሉት፣ የአፈር ትምህርት በሉት፣ የከዋክብት ትምህርት በሉት፣ ዓለም ያጠናውን ሁሉ አንድ ላይ አጭቆ ይዞታል። ዝናሽ «እንቁላል የምትበላ ዶሮ» ብላ ፈለገች። ጽሑፏ ብቅ አለች! ርእሷ ይታያል፣ «ስድስት ገጽ» የሚለው ይታያል። ዝናሽ በደስታ ነካቻት። ዳታቤዙ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለ። ደግማ ነካችው፤ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለ። ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገች፤ እሱ እቴ! በመጨረሻ ነጩ ማውስ እጇ ላይ ሞተ።

ዳታቤዙ በሩን አይከፍት፣ ዝናሽ ስድስት ገጿን አታገኝ!

የዳታቤዙ ክፍል ኃላፊ አቶ ንጋቱ ከወዲያ ጥግ ሆነው ሲያዩዋት ነበር። የይለፍ ቃሉ በአንዲት ሰማያዊ ደብተር ተጽፎ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ሲያስነጥሱ እንኳ በእጃቸው ይይዙታል።

«ማውሱን ገደልሽው አይደል?» አሏት።

«ይቅርታ ጋሽ ንጋቱ፣ ሳላስበው ነው።»

«ግድየለም፣ ድሮም ሊወገድ የተዘጋጀ ነው። ስትወጪ ውጪ ጣይልኝ።»

ዝናሽ ማውሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ይህችን ማውስ እንዳትረሷት። «ጋሽ ንጋቱ፣ በሞቴ፣ የይለፍ ቃሏን ይንገሩኝ!»

«በሞትሽ አልነግርም፣ በደብዳቤ እነግራለሁ። አምና ለአንድ መምህር በአፍ ብነግረው እሱ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለእህቱ፣ እህቱ ለጓደኞቿ ብላ፣ በሳምንቱ የይለፍ ቃሉን ከፀጉር ቤት ሰማሁት። ሚስቴ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ሰምታ ነገረችኝ! ማስጠንቀቂያ የተጻፈብኝ እኔ። አሁን የትምህርት ክፍልሽ ኃላፊ በአርማ ወረቀት ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አድርገው ካልላኩልኝ ኪሴ አይከፈትም።»

አቶ ንጋቱ የይለፍ ቃል አይነግሩ፣ ዳታቤዙ በሩን አይከፍት፣ ዝናሽ ስድስት ገጿን አታገኝ!

ዝናሽ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ወደ ዶክተር ፍሥሐ ሄደች። ዶክተር ፍሥሐ እምቢ ማለት የማይችሉ ደግ ሰው ናቸው፤ እዚህ አገር ሰው የሚያንከራትተው ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ነው።

«ለዚህች ነው? አሁኑኑ!» አሉና ጻፉ። ጉዳዩ፣ የይለፍ ቃል ስለመጠየቅ፤ ብለው አሳመሩት። ፕሪንተሩን ሲጫኑት ግን ጮኸ። መሳቢያውን ሳቡት፤ ባዶ ነው። «ውይ፣ አርማ ያለበት ወረቀት አልቋል።»

ዝናሽ ከቦርሳዋ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «በዚህ ያውጡልኝ፣ ዶክተር።»

ዶክተር ፍሥሐ አዘኑላት። «የኔ እመቤት፣ አርማ የሌለው ደብዳቤ እኮ 'እንደምን ሰነበትክ' ተብሎ ለዘመድ የሚላክ ነው። ንጋቱን ታውቂው የለ፣ ገና ከሩቅ ያየዋል። አንድ ወረቀት ከስቶር አምጪልኝ፣ ማኅተሙን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ።»

ዶክተር ፍሥሐ ደብዳቤ አይሰጡ፣ አቶ ንጋቱ የይለፍ ቃል አይነግሩ፣ ዳታቤዙ በሩን አይከፍት፣ ዝናሽ ስድስት ገጿን አታገኝ!

ስቶር ወረደች። የስቶሩ ቁልፍ በእትዬ አሰገደች አንገት ላይ ነው። እትዬ አሰገደች ወንበራቸውን ከተቆለፈው በር ፊት አድርገው፣ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አንዲት ወረቀት ብቻ!»

«ወረቀት በቁጥር ነው የሚወጣው።»

«አንድ ነው እኮ እትዬ። ቆጠርነው፤ አንድ።»

«አንዷ ስትወጣ የቀረው ስንት እንደሆነ መታወቅ የለበትም? እሱን መቁጠር አለብኝ። እኔ ደግሞ ጠዋት እንቁላል በዳቦ ካልበላሁ ጨጓራዬ ይነሣል፣ ጨጓራዬ ሲነሣ ቁጥር ይጠፋኛል። አንዴ ርቦኝ ቆጥሬ ሁለት ወረቀት ጎድሎ፣ ሁለቱን ወረቀት ፍለጋ ሰባት ገጽ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ዛሬ ላውንጁ እንቁላል የለኝም ብሎኛል፤ እኔም አልከፍትም።»

«ሱቅ ሮጬ ልግዛልዎት?»

እትዬ አሰገደች እንደተሰደበ ሰው ቀና አሉ። «የፈረንጅ እንቁላል? አስኳሉ የነጣውን? የሐበሻ ካልሆነ ጨጓራዬ አይቀበለውም።»

«እሺ ነገ ልምጣ?»

«ነገ ረቡዕ ነው፣ ልጄ፣ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ስቶር አልከፍትም፤ ሪፖርት ብቻ ነው የምጽፈው። ሐሙስ ነይ።»

ሐሙስ! ሐሙስ ጠዋት ዝናሽ ፈታኞቿ ፊት ናት። ያላት ዛሬ ብቻ ነው። 

እትዬ አሰገደች ስቶር አይከፍቱ፣ ዶክተር ፍሥሐ ደብዳቤ አይሰጡ፣ አቶ ንጋቱ የይለፍ ቃል አይነግሩ፣ ዳታቤዙ በሩን አይከፍት፣ ዝናሽ ስድስት ገጿን አታገኝ! እየተከተላችሁኝ ነው? ያ ከኋላ ያለው ሰውዬ ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው፤ አይቼሃለሁ።

ላውንጅ ሄደች። የላውንጁ ወጥ ቤት አዛዥ ብርቄ ናት፤ የተጣደ ምጣድ ይመስል ትከሻዋ ሰፊ፣ አንደበቷ የሚጋረፍ ሴት። መጥበሻዋ ባዶውን ምድጃው ላይ ተቀምጧል።

«ብርቄ፣ እባክሽ አንድ እንቁላል ጥበሺልኝ። ለእኔ አይደለም፣ ለእትዬ አሰገደች ጨጓራ ነው።»

«ከየት አባቴ ላምጣው? እኔ ልጣለው እንዴ? የሐበሻ እንቁላል የሚያመጡልኝ የኋላ በር ጥበቃው ጋሽ ዳምጠው ናቸው። ይኸው ሳምንታቸው፣ አንድ እንኳ አላሳዩኝም። ገበያ እንዳልወጣ ቅዳሜ ገና ነው። ሂጂ እሳቸውን ጠይቂ፤ ካገኘሽ ደግሞ ዳቦውን ከኔ በነፃ።»

ብርቄ እንቁላል አትጠብስ፣ እትዬ አሰገደች ስቶር አይከፍቱ፣ ዶክተር ፍሥሐ ደብዳቤ አይሰጡ፣ አቶ ንጋቱ የይለፍ ቃል አይነግሩ፣ ዳታቤዙ በሩን አይከፍት፣ ዝናሽ ስድስት ገጿን አታገኝ!

ወደ ኋላ በር ሮጠች። ጋሽ ዳምጠው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከጥበቃ ቤታቸው ጀርባ አምስት ዶሮ አላቸው፤ ለአምስቱም እንደየጠባያቸው ማዕረግ ሰጥተዋቸዋል። አሥር አለቃ አለች፣ ሃምሳ አለቃ አለች፣ መቶ አለቆች ሁለት አሉ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቀይዋ ሻለቃ አለች። እሷ ስትመጣ ሌሎቹ ከጥሬው ላይ ገለል ይላሉ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ እንደምን አደሩ? አንድ እንቁላል ፈልጌ ነበር።»

«ወይ እንቁላል!» አሉ ሽማግሌው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። «እንቁላል ያለው ሰው መሰልኩሽ? ያቺ ሻለቃ በላችው! የራሷን በላች፣ የአሥር አለቃን በላች፣ የመቶ አለቆቹን በላች። ገና ትኩሱን፣ ከመውደቁ ነው ጠቅ የምታደርገው። ገሠጽኳት፣ አልሰማችም። እንቁላል በስተህ ሚጥሚጣ ጨምርበት አሉኝ፤ ጨመርኩ። ጥርግ አድርጋ በልታ አፏን ጠራረገችና ሌላ የለም ወይ ብላ አየችኝ።»

«ዶሮ ሚጥሚጣ አይሰማትም እኮ» አለች ዝናሽ፣ ሳይታወቃት።

«እንጃላት። አንድ ሰው ለምን እንደምትበላ ነግሮኝ ካላስተዋት ግን እኔ እንቁላል የለኝም።»

ዝናሽ ሌላ ሰው ስላጣች ዶሮዋ ፊት ቁጢጥ አለች። «አንቺ ሻለቃ፣ እኔ ምን በደልኩሽ? እባክሽ ዛሬን ብቻ ተዪው!»

ሻለቃ አንገቷን ጠመም አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየቻት፤ ከዚያም ዞር ብላ አስካካች። እምቢ ማለቷ ነው፤ ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም።

ሻለቃ እንቁላል አትተው፣ ጋሽ ዳምጠው እንቁላል አይሰጡ፣ ብርቄ እንቁላል አትጠብስ፣ እትዬ አሰገደች ስቶር አይከፍቱ፣ ዶክተር ፍሥሐ ደብዳቤ አይሰጡ፣ አቶ ንጋቱ የይለፍ ቃል አይነግሩ፣ ዳታቤዙ በሩን አይከፍት፣ ዝናሽ ስድስት ገጿን አታገኝ! እፎይ። ውኃ ስጡኝ።

አሁን ነው ጉዱ። ዝናሽ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። «ጋሽ ዳምጠው» አለች፣ «ዶሮዋ ለምን እንደምትበላ የተጻፈው የት እንደሆነ ያውቃሉ? እዚያች ስድስት ገጽ ላይ! ስድስቷን ገጽ ለማግኘት ዶሮዋ መተው አለባት፤ ዶሮዋ እንድትተው ስድስቷን ገጽ ማግኘት አለብኝ!» አለችና እንባዋ መጣ። ደክሟታል፣ ርቧታል፣ ሰዓቱም አራት ተኩል ሆኗል። ለከርሞ የሚለው የፕሮፌሰሩ ድምፅ በጆሮዋ ይንሾካሾካል።

ጋሽ ዳምጠው ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። ሴት ልጅ ስታለቅስ ባርኔጣ ማድረግ ይሻላል ብለው ነው መሰለኝ። «ቆይ እስቲ፣ የኔ ልጅ። አንቺ እዚህ ምንድነው የምትማሪው?»

«እንቁላል የሚበሉ ዶሮዎችን።»

«ስንት ዓመት?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዶሮ ስትከተይ ከርመሽ፣ አንቺ ራስሽ ምን አየሽ?»

ዝናሽ እንባዋን በእጇ መዳፍ ጠረገች። እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ማን ጻፈ? የት ታተመ?» ነው የሚላት። «እኔማ ያየሁት…» አለች እየፈራች፣ «እንቁላል መጣያዋ ብርሃን ላይ ሲሆን ነው የምትበላው። ከጎታ ጀርባ፣ ከጨለማው የሚጥሉት አይበሉም፤ እንቁላሉ አይታያቸውማ። ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ የሚጥሉት ይበላሉ። ከሠላሳ ሰባቱ ቤት ሠላሳ አንዱ እንዲያ ነው። ግን እሱ እኔ ያየሁት ነው እንጂ የተጻፈ አይደለም።»

ጋሽ ዳምጠው የዶሮዎቹን መጣያ ዞረው አዩት። በፊት ለፊት የተከፈተ የጣውላ ሳጥን ነው፤ ፀሐይ ገብታ ጭዱን ሁሉ ታበራዋለች። ዝናሽም አየች። 

«ጆንያ አለዎት?» አለች ዝናሽ።

ጆንያው መጣ። በሳጥኑ አፍ ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀሉት፤ ውስጡ ጨለመ። «አሁን ደግሞ» አለች ዝናሽ፣ «ልማዷን እንድትተው የማይሰበር እንቁላል ያስፈልገናል። ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ጠንካራ የሆነ ነገር።» ዙሪያውን አየች፤ ድንጋዩ ሁሉ ጥቁር ነው። ቦርሳዋን ፈታተሸች። እስክሪብቶ፣ ማበጠሪያ፣ ደብተር፣ እና… አላልኳችሁም? ማውሱ! ገመዱን በጋሽ ዳምጠው ቢላ ቆርጣ ጭዱ ላይ አስቀመጠችው። ከሩቅ ላየው ጤነኛ የሐበሻ እንቁላል ነው።

ሻለቃ በጆንያው ሥር አጎንብሳ ገባች። ጋሽ ዳምጠውና ዝናሽ ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡ።

ቀጭ! አለ ከውስጥ። ጸጥታ ሆነ። ቀጭ! ቀጭ! አለ። ሻለቃ ጠዋት ዝናሽ ስትጫነው የነበረውን ማውስ በመንቆሯ እየተጫነችው ነው። አንዴ ብቻ ቆም አለች፤ ከዚያ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! እሱ እቴ! አልከፈተላትም። በመጨረሻ ከጆንያው ሥር ወጣች፤ መንቆሯን መሬት ላይ ወዲህና ወዲያ ጠረገችና ማንንም ሳታይ ሄዳ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

«የይለፍ ቃል አልነበራትም» አለች ዝናሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች።

ከዚያ ከመቶ አለቆቹ አንዷ ገብታ ብዙ ቆየች። ጋሽ ዳምጠው ዝናሽን ቆሎ አቀመሷት። ሰባት ሰዓት ሲሆን መቶ አለቃዋ ወጥታ ግቢውን በጩኸት አናጋችው። ሻለቃ ነገሩን ሰምታ ተነሣች፣ እስከ ጆንያው ድረስ መጣች፣ ጨለማውን አየት አደረገች፣ ያ ቀጭ የሚለው ጠንካራ ነገር ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ ተመለሰች። ጋሽ ዳምጠው እጃቸውን በጆንያው ሥር ሰደዱ። ትኩስ ነው! ሙሉ ነው! አልተነካም!

በሉ አሁን ተነሡ፣ ወደ ኋላ እንሩጥ! ሻለቃ እንቁላሉን ተወች፤ ሻለቃ ስትተው ጋሽ ዳምጠው እንቁላል ሰጡ፤ ጋሽ ዳምጠው ሲሰጡ ብርቄ ጠበሰች፣ ዳቦውንም በነፃ፤ ብርቄ ስትጠብስ እትዬ አሰገደች በሉ፣ ጨጓራቸውም ተቀመጠ፣ ስቶሩም ተከፈተ…

እዚህ ላይ ቁሙ። እትዬ አሰገደች መቁጠር አለባቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ፣ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ፣ ሦስት መቶ አርባ ላይ ሲደርሱ ዝናሽ አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አሉ እትዬ አሰገደች። «ስንት ላይ ነበርኩ?»

ዝናሽ ነገረቻቸው። አላመኗትም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አራት መቶ ዘጠና ሁለት ሆነ። አንዷን አውጥተው አራት መቶ ዘጠና አንድ ብለው ጻፉና ለዝናሽ በአደራ ሰጧት። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው።

እትዬ አሰገደች ስቶር ሲከፍቱ ዶክተር ፍሥሐ ደብዳቤ ሰጡ፤ ማኅተሙን ግጥም አደረጉት፣ ከሥር «ግልባጭ፣ ለስቶር፣ ለላውንጅ፣ ለጥበቃ ክፍል» የሚል ጨመሩ፣ የረዳ ሁሉ ይወቀው ብለው። ዶክተር ፍሥሐ ደብዳቤ ሲሰጡ አቶ ንጋቱ አርማውን አዩ፣ ማኅተሙን አዩ፣ በብርሃን ላይ ዘቅዝቀው አዩ፤ ከዚያ ሰማያዊ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው ከልለው፣ በጆሮዋ ፊደል በፊደል ነገሯት። መብራቱ ብልጭ አለ። ሁለቱም «በስመ አብ!» አሉ። አልጠፋም። አቶ ንጋቱ የይለፍ ቃል ሲነግሩ ዳታቤዙ በሩን ከፈተ፤ ዳታቤዙ በሩን ሲከፍት ዝናሽ ስድስት ገጿን አገኘች!

አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ አነበበች። ከተጻፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ጸሐፊዎቹ ሁለት ሲሆኑ ያዩት ዶሮ ግን በሽቦ ቤት ያለ ዶሮ ነው። አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ገጽ ላይ፣ መጨረሻዋ መስመር እንዲህ ትላለች፤ «የመጣያው ብርሃን ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን፤ በገጠር ቤት የምትኖር ዶሮን ቀርቦ ያየ ሰው ስለሌለ ግን ይህ ወደፊት ይጠና።»

ዝናሽ ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበበቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ተመልሶም ሳቅ ሆነ። አቶ ንጋቱ ደንግጠው ደብተራቸውን ያዙ።

ሐሙስ ጠዋት ፕሮፌሰር አምሳሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዝቅ ባለችው ድምፃቸው፣ «ጽሑፏን አነበብሽ?» አሏት።

«አንብቤያለሁ።»

«ምን ትላለች?»

«ወደፊት ይጠና ትላለች።»

«ታዲያስ?»

ዝናሽ ወፍራሙን ደብተር ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችው። «ተጠናኮ፣ ፕሮፌሰር!»

ፕሮፌሰር አምሳሉ ደብተሩን ገለጡ። ሠላሳ ሰባቱን ቤት አንድ በአንድ አዩት። ብዙ ቆይተው ቀና ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ኮሪደር ላይ ያሉት ሁሉ ሰሙ። «ጎበዝ!» አሉ። ዝናሽ አለፈች። ጥቅምት ሳያልቅ ዲግሪዋን ይዛ ወረዳዋ ገባች።

አልጨረስኩም፤ ማነው እዚያ የሚነሣው?

ከወር በኋላ የዝናሽ ጥናት ራሱ ዳታቤዙ ውስጥ ገባ። ከሕጉ፣ ከሕክምናው፣ ከከዋክብቱ መሀል። ጋሽ ዳምጠው ይህን ሰሙና የክት ባርኔጣቸውን አድርገው ቤተ መጻሕፍት መጡ። «ምስጋናው ላይ የሻለቃ ስም አለ ብላኛለች ዝናሽ፤ በዓይኔ ልየው ብዬ ነው» አሉ። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አሉ፣ አዲሱን ማውስ በአንድ ጣታቸው ተጫኑት። ዳታቤዙም «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለ።

ጋሽ ዳምጠው ዞረው አቶ ንጋቱን አዩ። አቶ ንጋቱ አፋቸውን ከፈቱ። «ደብ…» አሉ። ከዚያ ትዝ አላቸው። ደብዳቤ ቢሉ ዶክተር ፍሥሐ፣ ዶክተር ፍሥሐ ቢሉ ወረቀት፣ ወረቀት ቢሉ እትዬ አሰገደች፣ እትዬ አሰገደች ቢሉ እንቁላል፣ እንቁላል ቢሉ ብርቄ፣ ብርቄ ቢሉ እኚሁ ፊታቸው የተቀመጡት ሽማግሌ! ያውም ዕለቱ ረቡዕ ነው።

አቶ ንጋቱ አፋቸውን ዘጉ። ዙሪያውን አዩ። ሰማያዊ ደብተራቸውን አወጡና በቀስታ ተጠጉ። «ጋሽ ዳምጠው፣ እባክዎ ፀጉር ቤት እንዳይናገሩ» አሉ።

ጋሽ ዳምጠው ባርኔጣቸውን አንሥተው መላጣቸውን አሳዩዋቸው።

ተረቴ ይኸው ነው። የሰማ ላልሰማ ይንገር፤ እኔ ግን እንዳልደግመው ደክሞኛል። እንደገና መስማት የሚፈልግ አርማ ባለው ወረቀት ደብዳቤ ይዞ ይምጣ።